እርጅና ብቻውን አይመጣም

«እርጅና ብቻህን ና» ይላል ያገሬ ሰው። ሲናገረው ፈገግ ቢልም ነገሩ ጸሎት ነው፤ በሽታን፣ ድህነትንና ብቸኝነትን አስከትለህ አትምጣብኝ ማለቱ ነው። ወደ አባቴ የመጣው እርጅና በሽታ አስከትሎ አልመጣም፤ ችግርም አስከትሎ አልመጣም። ጫጫታ አስከትሎ መጣ። ይህን የተረዳሁት አባቴን ከቀበርሁ በኋላ ነውና ዛሬ የምጽፈው ከፊሉ ታሪክ፣ ከፊሉም ኑዛዜ ነው።

*

አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነበሩ። የጋሞ ደጋ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ ወዲህ የዶርዜ ሸማኔ መንገድ ወደ አዲስ አበባ አቀና፤ ልጅ አጎቱን፣ ታናሽ ታላቁን እየተከተለ በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ላይ ሠፈረ። አባቴም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። ጨንቻ አጠገብ ካለው ቀዝቃዛ ደጋ ወርደው፣ አርባ ምንጭን አልፈው፣ አዲስ አበባ ገብተው፣ ሽሮ ሜዳ ላይ አንድ ጉድጓድ ቆፍረው እግራቸውን ከተቱ። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል እግራቸውን ከዚያ ጉድጓድ አላወጡም ብል ብዙ ማጋነን አይሆንብኝም።

የሸማኔን ሥራ በቅርብ ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሸማኔ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ከታች በእግሩ መርገጫውን ይጫናል፤ ድሩ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሲሰጥ መወርወሪያውን በመካከሉ ያሳልፋል፤ ማጉን መትቶ ያጠብቃል፤ እንደገና ይረግጣል። ይህ የነጠላው ሜዳ ነው፤ ሜዳውን የሠለጠነ እጅ ሁሉ ይሠራዋል። ጥለቱ ላይ ሲደረስ ግን ሥራው ሌላ ይሆናል። ጥለት ቁጥር ነው። ከድሩ ስንቱ ክር እንደሚነሣ፣ ስንቱ እንደሚዘለል፣ ባለ ቀለሙ ክር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በቃል ይያዛል። የተጻፈ ነገር የለውም። አንዲት ክር የተሳሳተች እንደሆነ ስሕተቷ ወዲያው አትታይም፤ ጥለቱ አንድ ስንዝር ከሄደ በኋላ ነው ጠማማነቷ ዓይን የሚወጋው።

በልጅነቴ የእኔ ሥራ ቀሰም መጠቅለል ነበርና ከአባቴ ጉድጓድ አጠገብ ብዙ ተቀምጫለሁ። ቤታችን ጸጥታ አያውቅም ነበር። በአንድ ግቢ ስድስት ቤተሰብ እንኖራለን፤ ሬዲዮ አለ፣ ዶሮ አለ፣ በቆርቆሮው ላይ የሚወርድ ዝናብ አለ፣ በኪራይ የሚጣሉ ጎረቤቶች አሉ። አባቴ ግን ጥለት ሲይዙ አንዱም አይደርስባቸውም። እናቴ ሦስት ጊዜ ጠርታ መልስ ስታጣ «አሁን ድሩ ውስጥ ናቸው፤ ተዋቸው» ትለኝ ነበር። ድሩ ውስጥ መሆን የሚቻል ነገር መሆኑን ከአባቴ ተማርሁ፤ ግድግዳ የሌለው፣ ነገር ግን ማንም የማይገባበት ቤት ነበር።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው አካባቢ ያ ቤት ፈረሰ። በሩ ሲንኳኳ ቀና ይላሉ፤ ልጅ ሲያልፍ ይዞራሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያወራውን ሰምተው ከጉድጓዳቸው ሆነው ይመልሳሉ። ሲመለሱ ቁጥሩ ጠፍቷል። ፈትተው ይጀምራሉ፤ እንደገና ይጠፋል። አንዲት ደንበኛ ለልጇ ሠርግ ያሠራችውን ቀሚስ ይዛ ተመለሰች፤ ጥለቱ ከወገብ በታች አንድ ቦታ ላይ ዘሎ ነበር። አባቴ ቀሚሱን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ አንድም ቃል አልተናገሩም።

እኔ ተናገርሁ። «አባዬ፣ ይበቃዎታል፤ አሁን ይረፉ» አልኋቸው። አእምሯቸው መድከም ጀምሯል ብዬ ወስኜ ነበር። ማንንም ሳላማክር፣ እሳቸውንም በቅጡ ሳልጠይቅ፣ የሸማኔ ዕቃቸውን ለአንድ ወጣት ሸማኔ ሸጥሁት፤ ጉድጓዱን በአፈር አስሞላሁት፤ በላዩም ሲሚንቶ አስለቀለቅሁበት። ለደኅንነታቸው ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። በየማለዳው ያ ጉድጓድ የነበረበት ቦታ ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡ ነበር። ስለዚያ ነገር የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ልጄ፣ እኔ ቁጥሩን አልረሳሁትም፤ ቤቱ ጮኸብኝ እንጂ» አሉኝ። ሽማግሌ ሁሉ የሚያቀርበው ሰበብ ነው ብዬ አለፍሁት።

*

አባቴ ካረፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ እርጅናና ስለ አእምሮ የተጻፉ ጥናቶችን ማንበብ ያዝሁ። ያነበብሁት እንደ ልጅ እንጂ እንደ ምሁር አልነበረም፤ ያቺን የአባቴን ዓረፍተ ነገር የሚያጸድቅልኝ ወይም የሚያፈርስልኝ ፈልጌ ነበር። ያገኘሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1935 ጆን ሪድሊ ስትሩፕ የተባሉ አሜሪካዊ አንድ ቀላል የሚመስል ፈተና አሳተሙ። በእኛ ፊደል ላስረዳው። «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ቢሰጣችሁና ቀለሙን ተናገሩ ብትባሉ፣ አፋችሁ «ቀይ» ለማለት ይቸኩላል። ትክክለኛውን መልስ ለመስጠት መጀመሪያ የቸኮለውን ቃል መግታት ያስፈልጋል፤ መግታቱም ጊዜ ይወስዳል። ማንበብ ልማድ ሆኗልና ሳንፈልገው ይሠራል። አእምሮ የሚሠራው መልስ በመስጠት ብቻ ሳይሆን መልስ በመከልከልም ጭምር መሆኑን ይህ ፈተና አሳየ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ እንግሊዛዊው ፓትሪክ ራቢት ሽማግሌዎችንና ወጣቶችን ፊደል የተጻፈባቸውን ካርዶች እንዲለዩ አደረጉ። በካርዱ ላይ ከሚፈለገው ፊደል ጋር የማያስፈልጉ ፊደላት ሲጨመሩ የሁሉም እጅ ይዘገያል፤ የሽማግሌዎቹ ግን ይበልጥ ይዘገያል። ሽማግሌው የሚፈለገውን ማየት አልተሳነውም። የማይፈለገውን አለማየት ነው የተሳነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ጎርደን ሎጋንና ዊልያም ኮዋን ነገሩን በሁለት ፈረሶች እሽቅድምድም መሰሉት። «ሂድ» የሚለው ትእዛዝ አንድ ፈረስ ነው፤ «ቁም» የሚለው ሌላ ፈረስ ነው። «ቁም» ከቀደመ እጅ ይታገዳል፤ «ሂድ» ከቀደመ እጅ ይፈጥናል። በዚህ መንገድ የተመዘኑ በርካታ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በእርጅና ዘመን የ«ቁም» ፈረስ እግሩ ይከብዳል።

እነዚህን ክሮች አጥብቀው ያሠሩት ሊን ሀሸርና ሮዝ ዛክስ ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1988 ነበር። ከእነርሱ በፊት ብዙዎች የሽማግሌን አእምሮ እየጠበበ እንደሚሄድ ጎተራ ያዩት ነበር፤ ጎተራው ከጠበበ የሚይዘው ያንሳል። ሁለቱ ሴቶች ነገሩን ገለበጡት። ችግሩ ጎተራው ስለጠበበ ሳይሆን ገለባው ከእህሉ ጋር ስለሚገባ ሊሆን ይችላል አሉ። ይህንኑ ሐሳብ ኋላ ላይ ሲያብራሩት የአእምሮን ልጓም በሦስት ሥራ ከፈሉት። አንደኛው በር ጠባቂነት ነው፤ የማያስፈልገው እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለተኛው ጠረጋ ነው፤ ገብቶ የነበረውንና ያበቃለትን ያወጣል። ሦስተኛው መያዝ ነው፤ ወደ አፍና ወደ እጅ የቸኮለውን መልስ ቆይ ይለዋል። የአባቴን የመጨረሻ የሽመና ዓመታት ሳስታውስ ሦስቱም አሉበት፤ የጎረቤቱ ወሬ ገባ፣ ገብቶም አልወጣ አለ፣ ከዚያም ከአፋቸው መልስ ሆኖ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2005 አዳም ጋዛሊና ባልደረቦቻቸው ይህን በአእምሮ ምስል ውስጥ ፈለጉት። ለተፈታኞቹ የፊትና የመልክዓ ምድር ሥዕሎች እያፈራረቁ አሳዩአቸው፤ አንዱን አስታውሱ፣ ሌላውን ተዉት አሏቸው። እንዲታወስ በታዘዘው ላይ የሽማግሌዎቹም አእምሮ እንደ ወጣቶቹ ይነቃ ነበር። እንዲተው በታዘዘው ላይ ግን የወጣቶቹ አእምሮ ሲበርድ የሽማግሌዎቹ አልበረደም። የሚፈለገው ላይ መብራት መጨመር ይችላሉ፤ በማይፈለገው ላይ ያለውን መብራት መቀነስ ነው ያስቸገራቸው።

ይህን ያነበብሁ ዕለት ወረቀቱን አስቀምጬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ቁጥሩን አልረሳሁትም፣ ቤቱ ጮኸብኝ እንጂ። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሳይንስ በአንድ ቃል አያድርም። እ.ኤ.አ. በ1996 ቲሞቲ ሶልትሃውስ፣ በእርጅና የሚታየው ድክመት በአብዛኛው ከአእምሮ መዘግየት የሚመጣ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ሁሉም ነገር ከዘገየ ልጓሙም ይዘገያልና ልጓሙን ለይቶ መውቀስ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አሎዲ ሬ-መርሜና ሚርያም ጋደ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስበው መዘኑ። በምዘናቸው መሠረት ድክመቱ በግልጽ የታየው የተጀመረን ወይም ልማድ የሆነን የእጅ ምላሽ በማስቆም ፈተናዎች ላይ ነው፤ እንደ ስትሩፕ ባሉት ፈተናዎች ላይ ግን የተጠበቀው ድክመት አልጸናም። ልጓም አንድ አይደለም ማለት ነው። አንዱ ይላላል፤ ሌላው ይጸናል።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። የሀሸርና የባልደረቦቻቸው ጥናቶች መድኃኒቱንም አብረው ይናገሩ ነበር። በ1993 የታተመው እንደሚያሳየው አብዛኞቹ ሽማግሌዎች የማለዳ ሰዎች ናቸው፤ በማለዳ ሲፈተኑ ከወጣቶች ያላቸው ልዩነት ይጠባል፣ ከሰዓት በኋላ ይሰፋል። በ1995 የታተመው እንደሚያሳየው የሚረብሸው ነገር ሁልጊዜ በአንድ በታወቀ ቦታ ሲሆን ሽማግሌዎች ይሸከሙታል፤ የሚጎዳቸው ከየት እንደሚመጣ የማይታወቀው ነው። በ2007 የታተመው ደግሞ አስገራሚ ነው፤ ሽማግሌዎቹ «ተዉት» የተባሉትን ነገር ስላልተዉት ኋላ ላይ ለሌላ ጥያቄ መፍቻ ሆኖ ጠቀማቸው። ይህን ሳነብ የግቢያችን ሁለት ጎረቤቶች በኪራይ ተጣልተው ሊካሰሱ ሲሉ አባቴ ያስታረቋቸው ትዝ አለኝ። ማን ምን ቀን ምን ብሎ እንደ ነበር አንድ በአንድ ያውቁ ነበር። ጥለቱን ያበላሸባቸው ወሬ ነው እርቁን የሠራላቸው።

ማለዳ፤ የተዘጋ በር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ መቀመጫ። አባቴ የሚያስፈልጋቸው ይህ ነበር። እኔ ሲሚንቶ ሰጠኋቸው።

*

ይህን ሸክም ይዤ ነው ለመስቀል ወደ ዶርዜ የወጣሁት። ለጋሞ ሰው መስቀል የዓመቱ ራስ ነው፤ በየከተማው የተበተነው ሸማኔ ሁሉ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አባቶቹ ቤት ይመለሳል። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ከግርጌ ይቀራሉ፤ ሙቀቱ ይለቅቅና ጉም ይቀበላል፤ እንሰትና ቀርከሃ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይይዙታል።

የዶርዜ ቤት እንደ ሸማ የተሠራ ቤት ነው። ቀርከሃ ተሰንጥቆ ይጠለፋል፤ ከላይ በደረቀ የእንሰት ቅርፊት ይሸፈናል፤ ከፊቱ እንደ ዝሆን ግንባር ወጣ ይላል። አዲስ ሲሆን እጅግ ረጅም ነው። ምስጥ ግን ከሥሩ ይበላዋል። ሥሩ ሲበላ ባለቤቱ ቤቱን አያፈርሰውም፤ የተበላውን ይቆርጥና ቤቱን እንደ ገና መሬት ያስይዘዋል። ቤቱ በየጊዜው ያጥራል እንጂ ቤትነቱ አይቀርም፤ እንዲህ እያለ አሥርተ ዓመታት ይዘልቃል። ቁመቱን አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። አጭሩ ቤት ሽማግሌው ቤት ነው፤ በውስጡም እሳት ይነድዳል፣ ሰው ይስተናገዳል።

በዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ዳን ስፐርበር የተባሉ ፈረንሳዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኖረው አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ስለ ምልክታዊ አስተሳሰብ በሚናገር መጽሐፋቸው ከዶርዜ የሰሙትን አንድ ነገር አንሥተዋል። ለዶርዜ ሰው ነብር ክርስቲያን ነው፤ ጾም ያከብራል። ይሁንና ያው ሰው ረቡዕና ዓርብ ከብቱን ከነብር ከመጠበቅ አይቦዝንም። ስፐርበር ይህን ያነሡት ሌላ ክርክር ይዘው ነው፤ እኔ ግን የልጓም ምሳሌ ሆኖ ታየኝ። አንድ ሐሳብ በአእምሮ ውስጥ ተከብሮ ይቀመጣል፤ እጅን ግን አያዝዝም። ስፐርበር ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ከዲርድሬ ዊልሰን ጋር ሆነው ሰው ከሚሰማው ሁሉ አግባብ ያለውን ብቻ ለይቶ እንዴት እንደሚይዝ የሚመረምር ታዋቂ መጽሐፍ ጻፉ። ቀድሞ የኖሩት ሰው ሁሉ ክር በሚቆጥርበት አገር መሆኑ አጋጣሚ ይሆናል፤ ቢሆንም ደስ ይለኛል።

ከቤቱና ከነብሩ ይልቅ ግን ልቤን የያዘው ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ የጋሞ ሰዎች የሚሰበሰቡበት፣ የሚዳኙበትና የሚታረቁበት አደባባይ ነው። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፤ በምርቃት ይዘጋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። የሚመርቁት በጋሞ ቋንቋ ባይራ የሚባሉት ናቸው፤ ባይራነት በኩርነት ነው፤ በትውልድ ሐረግ የሚገኝ እንጂ በፀጉር ሽበት ብቻ የሚቆጠር አይደለም። የጋራውን ሥርዓት የሚተላለፍ ሰው ጎሜ ይይዘዋል፤ ጎሜ ነውር ነው፣ ነውሩም በሽታን፣ የዝናብ እጦትንና የአዝመራ መጥፋትን ያመጣል ተብሎ ይፈራል።

በዚያ አደባባይ ዳር ቆሜ ሳየው ዱቡሻ አባቴ ያጡት ቤት መሰለኝ። ንግግሩ በተራ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ ሁሉ ከታወቀ ቦታ ይመጣል። ጸጥታው የሁሉም ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌው ጸጥታን ብቻውን አይሸከምም። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ስለ አእምሮ ልጓም ፈተና አላካሄዱም። ነገር ግን የሽማግሌን ቃል የፈለገ ሰው አስቀድሞ በዙሪያው ያለውን ጫጫታ ማቆም እንዳለበት ያውቁ ነበር።

*

ሬ-መርሜና ጋደ ምዘናቸውን ባሳተሙበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2018፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቡራዩና በአካባቢው ዘግናኝ ጥቃት ተፈጸመ። በርካታ ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺሕ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎጂዎቹ መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም ሸማኔዎች ነበሩባቸው። መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር፤ የዓመቱን ድካም ይዞ ወደ ደጋው የሚመለስበትን ቀን የሚቆጥር ሰው ነው የተገደለው።

መርዶው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ቁጣው በከተማይቱ ውስጥ በሰላም ወደሚኖሩ፣ ከነገሩ እጃቸው ወደሌለበት ሰዎችና ወደ ንብረታቸው ሊዞር ቀረበ። በዚያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቱ ፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ለመኑ። በጋሞ ወግ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት መርገጥ፣ ተሻግሮትም መሄድ ጎሜ ነው። ወጣቱ ቆመ። ከዚያም ተመለሰ። የተንበረከኩት አባቶች ፎቶግራፍ በአገሪቱ ሁሉ ተሠራጨ፤ ደም በደም ይመለስ በሚባልበት ዘመን ብዙ ሰው አይቶ አለቀሰ።

እኔም ያን ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ነው። የጥናት ክፍሉ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ጣቱን ከመጫን ለማገድ ከወጣቱ ይልቅ ይዘገያል ይላል። አርባ ምንጭ ላይ ግን የጎልማሳና የወጣት ጎርፍ ሊቆም ሲሳነው ያቆሙት ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው። ጣትን ማገድ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የአንድ ሰው የነርቭ ሥራ ነው። በቀልን ማገድ ግን ትውልድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ጎሜን ሲሰማ ያደገ መሆን አለበት፤ ሣሩን ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ የተንበረከከውን ሰው አባቴ ብሎ የሚጠራ መሆን አለበት። ልጓሙ በሽማግሌው ራስ ውስጥ ብቻ አልነበረም። በሁሉም መካከል የተዘረጋ ድር ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ተረት እንደዚያ ሰሞን ተገልጦልኝ አያውቅም።

ያ ድር ሁልጊዜ አይጸናም፤ በሌላ ቦታና በሌላ ቀን ሽማግሌ ተንበርክኮ ያልተሰማበት ጊዜ በአገራችን አለ። ሣር ብቻውን ጎርፍ አያቆምም። የቆመው ሣሩን የሚያነብ ወጣት ስለነበረ ነው። ስለዚህ የአርባ ምንጭን ታሪክ ስንናገር ሽማግሌዎቹን ብቻ ማመስገን ጎደሎ ነው፤ የተቆጣውና የቆመው ወጣትም ሊመሰገን ይገባዋል። በ«ሂድ» እና በ«ቁም» ፈረሶች እሽቅድምድም ውስጥ የገዛ ፈረሱን ያሸነፈ እርሱ ነው።

*

አማርኛችን ለዚህ ነገር የቆየ ጥበብ አለው። ልብስ ያረጃል፣ ቤት ያረጃል፣ ሰውም ያረጃል። ሰው ግን ከማርጀት በላይ ይሸመግላል። ሽማግሌ ማለት ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ማለት የተጣላን የሚያስታርቅ ሰውም ነው። ሽምግልና ዕድሜ ነው፤ ሽምግልና ሥራም ነው። አንዱን ቃል ለሁለቱ የሰጡት አባቶች ዕድሜ ሁሉ ጥበብ ነው ማለታቸው አይመስለኝም፤ ሞኝ ሽማግሌ ሞልቷል። ዕድሜው ለገፋ ሰው ሥራ ይገባዋል፣ ሥራውም ከአቅሙ ጋር የሚስማማ ይሁን ማለታቸው ይመስለኛል። ነገር የሚሰማ፣ የሰማውን የማይረሳ፣ ከሰማውም የሚያስታርቅ ሥራ።

እኔ አባቴን አረጁ አልኋቸው፤ መሸምገላቸውን አላየሁም። ጆሯቸው ክፍት መሆኑን እንደ ስንፍና ቆጠርሁባቸው። ጎረቤቶቹን ሲያስታርቁ እያየሁ እንኳ ይህና ያ አንድ ነገር መሆኑ አልገባኝም። የቤታችንን ጫጫታ መቀነስ የእኛ ድርሻ ነበር፤ እኛ ግን ጸጥታውን ሁሉ ከእሳቸው ጠበቅን።

ከዶርዜ ከመመለሴ በፊት፣ በመስቀል ማግስት ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ በእግሬ ወጣሁ። ከአንድ አጭር ቤት አጠገብ የመወርወሪያ ድምፅ ሰማሁ። አንድ እጅግ ያረጁ ሸማኔ ፊታቸውን ወደ ቀርከሃው ግድግዳ አዙረው ጥለት ይዘው ነበር። በሩ ላይ ያለች ልጅ እግሬን ስትሰማ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችኝ። «ገና እየቆጠሩ ነው» ብላ በሹክሹክታ ጨመረች። ቆምሁ። መርገጫው ይረገጣል፤ ማጉ ይመታል፤ ትንሽ ይቆማል፤ ጣቶቹ ክር ያነሣሉ፤ እንደገና ይረገጣል። ከወጣት እጅ ይዘገያል። ጥለቱ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ልጅቷን ማን እንዳስተማራት አልጠየቅሁም። ምስጥ የበላውን ሥር ቆርጦ ቤቱን መልሶ የሚተክል አገር ልጅ ናት። ያ ቤት ከአምናው አንድ ስንዝር አጥሮ ይሆናል፤ እሳቱ ግን ይነድዳል። እኔ ግን ቤቱን ዝቅ ማድረግ ሲበቃኝ ጉድጓዱን ደፈንሁት።

አባት ያላችሁ፣ እናት ያላችሁ፣ ማለዳ ተነሥታችሁ በሩን ዝጉላቸው። ሬዲዮውን ቀንሱላቸው። ቁጥሩ የጠፋባቸው ሲመስላችሁ ጥቂት ዝም በሉና ጠብቁ፤ ምናልባት የሚቆጥሩት እናንተ ያልሰማችሁትን ይሆናል።